ቦይለሩ ሳይሞት መወሰን፦ ሂት ፓምፕ ያስገባ አንድ የሰሜን ለንደን ቤት

ቤቱ ሰሜን ለንደን ነው፣ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የተሰራ፣ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ባለ 3 መኝታ ቤት። እህቴና ባለቤቷ ከሁለት ልጆቻቸውና ከእናታችን ጋር ይኖሩበታል። በጋዝ ውሃ ሚያሞቀው ቦይለር ኮምቢ ሚሉት አይነት ነው፣ ሙቅ ውሃውንም ራዲያተሩንም አንድ ላይ ሚሰራው፣ ዕድሜው 15 ዓመት አልፎታል፣ በየዓመቱ ሰርቪስ ሚያደርገው ሰውዬ ባለፈው መጥቶ "ዕቃው ገበያ ላይ እየጠፋ ነው፣ ካሁን በኋላ ከባድ ነገር ከተበላሸ አዲስ ነው ምታስቡት" ብሏቸው ሄደ። እኔ በህንፃ ማሞቂያ ስራ ላይ ስላለሁ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ አይነት ጥያቄ እኔጋ ነው ሚመጣው፣ እህቴ ደውላ "መንግስት ለሂት ፓምፕ 7,500 ፓውንድ ይሰጣል ይላሉ፣ እንውሰደው ወይስ ይቅርብን?" አለችኝ፣ ባሏ ደሞ ከኋላ ሆኖ "ስራ ቦታ አንዱ አስገብቶ ቢሉ ሰማይ ነካበት፣ ቤቱም አልሞቅ አለው፣ ንገሪው እንጂ" ይላል።

ጉዳዩን ከነሂሳቡ ምጽፈው (ፈቅደውልኛል) እዚህ እንግሊዝ ቤት ገዝተው ቦይለራቸው እያረጀ ያለ ሀበሾች ብዙ ስለሆኑና ሚሰሙት ወሬ ሁለት አይነት ብቻ ስለሆነ ነው፣ ወይ "ነፃ ሙቀት ነው" ወይ "ብርሃን የሌለው ኪሳራ ነው"። ሁለቱንም ሚያወሩት የናንተን ቤት ያላዩ ሰዎች ናቸው።

ስለ ሂት ፓምፕ ባጭሩ፣ በመብራት ሚሰራ የቤት ማሞቂያ ማሽን ነው። አሰራሩ የፍሪጅ ነው፣ ፍሪጅ ከውስጡ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ከጀርባው ያወጣል፣ ይሄኛው ደሞ ከውጭ አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። የእህቴ ባል "ውጭ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ የምን ሙቀት አለ?" አለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ሙቀት ጨርሶ ሚያልቀው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ነው፣ ማሽኑ ውስጥ ሚዞረው ጋዝ (አዲሶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ፕሮፔን ነው) ከዜሮ በታች 42 ላይ ይፈላል፣ ስለዚ ለሱ የለንደን የጥር አየር በጣም ሙቅ ነው። የፈላውን ጋዝ ኮምፕሬሰሩ ሲጨምቀው ይግላል፣ ግለቱ ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይተላለፋል፣ አለቀ። መብራት ሚበላው ሙቀት ለመፍጠር ሳይሆን ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ ለማመላለስ ስለሆነ 1 ዩኒት መብራት አስገብቶ 3 ወይ 4 ዩኒት ሙቀት ይሰጣል። ብርድ አገር አይሰራም ሚለውን ወሬ ኖርዌይ ስዊድንና ፊንላንድ ያሉ ወገኖች ሲሰሙ ይገርማቸዋል፣ አውሮፓ ውስጥ ካለው ቤት ብዛት አንፃር ሂት ፓምፕ በብዛት የገባው እነሱጋ ነው።

እንግዲህ ይሄ "3 ወይ 4" ሚባለው ቁጥር ነው ነገሩን ሁሉ ሚቆርጠው። ለምን እንደሆነ በነሱ ቢል ላሳያችሁ።

በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጋዝ ያቃጥላሉ (ዩኒት ምንለው ይሄንኑ ኪሎዋት ሰዓት ነው)፣ ለዚህ አይነት ቤት የተለመደ ነው። ጋዙን በዩኒት 6.5 ፔንስ አካባቢ፣ መብራቱን 26 ፔንስ አካባቢ ይከፍሉ ነበር፣ ያው እዚህ አገር መብራት ከጋዝ አራት እጥፍ ይወደዳል፣ ትልቁ እንቅፋትም እሱ ነው። ጋዙ 780 ፓውንድ፣ በላዩ የየቀኑ ስታንዲንግ ቻርጅ (ብትጠቀሙም ባትጠቀሙም ሚከፈለው ቋሚ ክፍያ) በዓመት ወደ 110፣ ድምር 890። ያ ቦይለር ከጋዙ 85 በመቶውን ነው ወደ ሙቀት ሚቀይረው ብንል ቤቱ ሚፈልገው 10,200 ዩኒት ሙቀት ነው ማለት ነው። ሂት ፓምፑ በዓመት አማካይ 2.8 ቢሰጥ መብራቱ ወደ 950 ፓውንድ ይመጣል፣ 3.5 ቢሰጥ 760፣ 4 ቢሰጥ 660። ከጋዙ 890 ጋር እኩል ሚሆነው 3 አካባቢ ላይ ነው። የስራ ባልደረባው "ቢሉ ሰማይ ነካ" ያለው ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ከ3 በታች ሚሰራ ማሽን ገጥመውለት ይሆናል፣ ያ ማለት ግን ሁሉም ቤት እንደዛ ይሆናል ማለት አደለም።

ታዲያ ቁጥሩን ከፍና ዝቅ ሚያደርገው ምንድነው? ዋናው ወደ ራዲያተር ሚሄደው ውሃ ሙቀት ነው። ቦይለሮች አብዛኛውን ጊዜ 70 እና ከዛ በላይ ላይ ተደርገው ነው ሚተዉት። ሂት ፓምፕ 35 እና 45 ዲግሪ ውሃ ላይ ደስ ብሎት ይሰራል፣ 55 እና 60 ስታስገድዱት መብራት ይበላል። ስለዚ ለቤቱ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ "በጣም ብርድ ቀን በ45 ወይ በ50 ዲግሪ ውሃ ትሞቃለህ ወይ?" ነው፣ ይሄንን ጥያቄ ደሞ አንድ ፓውንድ ሳታወጡ ባሮጌው ቦይለር መጠየቅ ይቻላል።

እንዲህ አደረግን። ጥር ውስጥ ውጭው ዜሮ አካባቢ በነበረበት ሳምንት ቦይለሩ ላይ የራዲያተሩን ቁልፍ (የሙቅ ውሃው ሌላ ነው፣ እሱን አልነካነውም) ወደ 50 ዲግሪ አወረድነው፣ ቴርሞስታቱን 20 ላይ አድርገን ቀንም ሌሊትም ሳይጠፋ ተውነው፣ በየክፍሉ ርካሽ ቴርሞሜትር አስቀመጥን። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ይሄን ምታደርጉት ኮምቢ ካላችሁ ነው፣ ውሃ ሚያጠራቅም ሲሊንደር ያለው ቦይለር ከሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ሌጂዮኔላ ሚባለው ባክቴሪያ እንዳይራባ ውሃው 60 መድረስ ስላለበት ዝም ብላችሁ አታውርዱት።

ውጤቱ፣ ሳሎኑ 20 ያዘ፣ የልጆቹ ክፍል ያዘ፣ የባልና ሚስቱ ክፍል 19 ላይ ቆመ፣ የእናታችን ክፍል ግን 16 እና 17 አልፎ አልሄደም። እሷ ድሮም "ይሄ ክፍል ብርድ ነው" ስትል ነበር፣ ጋቢ ተከናንባ ነው ምትተኛው፣ ሁሉም ዕድሜ ነው ብሎ ነበር ሚያልፈው። ክፍሏን ስናየው ራዲያተሩ ቀጭን ባለ አንድ ሉህ ነው፣ እሱም አልጋው ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፣ ከላይ ያለው ሎፍት (ጣሪያው ስር ያለው ክፍት ቦታ) ላይ ኢንሹሌሽኑ፣ ሙቀት እንዳይወጣ ሚነጠፈው ማለት ነው፣ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ሆኖ ጥግ ላይ ተሰብስቧል (ዛሬ ሚመከረው 27 ነው)፣ የውጭው ግድግዳ ማዕዘን ላይ ደሞ ሻጋታ ጀምሯል። እንግዲህ ይሄ ፈተና ሂት ፓምፕ ባይገባ ኖሮም ዋጋው ትልቅ ነበር፣ አንደኛ የእናታችንን ችግር አሳየን፣ ሁለተኛ ኮንደንሲንግ ቦይለር (ከጭሱ ላይም ሙቀት መልሶ ሚለቅመው አይነት) ራሱ ውሃው ዝቅ ሲል ጋዝ ይቆጥባል። ሂት ፓምፕ ጨርሶ ማታስቡም ብትሆኑ ቁልፉን አውርዳችሁ እዩት።

በዚህ መሀል ከገጣሚዎች ዋጋ ሲጠየቅ ሁለት አይነት ሰው መጣ። አንደኛው በስልክ ነው ያናገረው፣ ስንት መኝታ ነው፣ መቼ የተሰራ ነው ብሎ ጠይቆ "11 ኪሎዋት ማሽን ይበቃችኋል" አለ፣ ቤቱን ሳያይ። ሁለተኛው መጥቶ እያንዳንዱን ክፍል፣ መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ የራዲያተሩን ስፋት ለካ፣ ግማሽ ቀን ፈጀ፣ የቤቱ ሙቀት ፍላጎት ውጭው ከዜሮ በታች 2 ሲሆን ወደ 4 ተኩል ኪሎዋት ነው ብሎ 5 ኪሎዋት ማሽን አቀረበ። የእህቴ ባል ተደናገጠ፣ "አሁን ያለው ቦይለር 28 ኪሎዋት ነው፣ በ5 እንዴት ይሆናል?" አለ። የኮምቢው 28 ለራዲያተሩ አደለም፣ ሻወር ሲከፈት ውሃውን በቅጽበት ለማሞቅ ነው። እኛም በራሳችን አረጋገጥን፣ የዓመት ጋዛችሁን ለ2,900 ስታካፍሉ የቤታችሁን ፍላጎት በግምት ታገኛላችሁ፣ 12,000 ሲካፈል 4.1 ይመጣል። ከመጠን በላይ ትልቅ ማሽን ማለት ደሞ ይነሳል ይጠፋል ይነሳል ይጠፋል፣ ኢፊሸንሲውም ይወርዳል ኮምፕሬሰሩም ቶሎ ያልቃል። በኔ እምነት ክፍል በክፍል ሳይለካ ዋጋ ሚሰጥ ሰው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን እምቢ መባል አለበት።

አሁን ወደ ኩሽና፣ እኛ ቤት ትልቁ ክርክር እዚህ ነበር። ራዲያተሩ ወደ መብራት ከሄደ በኋላ ለምድጃ ብቻ ብላችሁ ጋዝ ካስቀራችሁ ያንን 110 ፓውንድ ስታንዲንግ ቻርጅ ለወጥ ማብሰያ ትከፍላላችሁ ማለት ነው፣ ስለዚ ሂሳቡ ሚያምረው ጋዙ ጨርሶ ሲቆረጥ ነው። እህቴ ኢንዳክሽን (በማግኔት ድስቱን ራሱን ሚያሞቅ የመብራት ምድጃ) ትፈልግ ነበር፣ እናታችን ግን "ቡናዬንስ?" አለች፣ ትክክል ነበረች። ኢንዳክሽን ሚያሞቀው ማግኔት ሚይዘውን ብረት ብቻ ነው፣ የሸክላ ጀበና ላዩ ላይ ብታስቀምጡት ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀመጣል። ይሄንን ማንም ገጣሚ አይነግራችሁም፣ አያውቀውማ። የተስማማነው ኢንዳክሽኑ ገብቶ ለጀበናና ለቡና መቁያ ለብቻው ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲገዛ ነው፣ እናታችን መጀመሪያ አንድ ተውሳ ሞክራ፣ ቡናው እንደሚፈላ አይታ ነው እሺ ያለችው።

ከቡናው ቀጥሎ ምጣዱ መጣ። የእንጀራ ምጣዱ ብቻውን 3 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ ኢንዳክሽኑ ሁሉም ዓይን ሲበራ 7 ይደርሳል፣ የላይኛው ሻወር ኤሌክትሪክ ሆኖ 9 ነው፣ ሂት ፓምፑ ራሱ ግን ትንሽ ነው፣ በሙሉ ጉልበት ሲሰራም 2 ገደማ። ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እየተጋገረ፣ ወጥ ተጥዶ፣ አንዱ ሻወር ገብቶ ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሳ የቤቱ ዋና ፊውዝ ይችላል ወይ? ዋናው ፊውዝ 60 አምፕ ሆኖ ተገኘ፣ ከዛ የባሰው ደሞ መስመሩ ሉፕድ ነበር፣ ማለትም መብራቱ ከመንገድ በቀጥታ ሳይሆን በጎረቤት ቤት በኩል ነው ሚመጣው፣ በድሮ ተያያዥ ቤቶች ብዙ አለ። ይሄን ሚያስተካክለው የመብራት መስመሩ ባለቤት የሆነው ካምፓኒ ነው፣ እንጂ በየወሩ ቢል ምትከፍሉለት አደለም፣ መንገድ መቆፈርና የጎረቤት ፈቃድ ስለሚፈልግ ወራት ይወስዳል። ቤታችሁ አሮጌ ተያያዥ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይሄን አጣሩ።

ቀጥሎ ሲሊንደሩ። ሂት ፓምፕ እንደ ኮምቢ ውሃ በቅጽበት አያሞቅም፣ ቀስ ብሎ አሙቆ ያጠራቅማል፣ ለ5 ሰው 200 ሊትር ገደማ ሲሊንደር ያስፈልጋል። ቦታው የት ይሁን? ኮምቢው ሲገባ ድሮ ሲሊንደር የነበረበት ቁምሳጥን ፎቅ ላይ ባዶ ቀርቶ ነበር፣ ባዶ ስል ሻንጣ፣ ከአገር ቤት የተላከ በርበሬና ሽሮ ሞልቶት ማለቴ ነው፣ ያ ሁሉ ወጥቶ ቦታ ተገኘለት። ፋሲካና ገና እንግዳ ሲያድር ውሃው ያልቃል ወይ ሚለው አሳስቧቸው ነበር፣ እንግዳ ባለ ቀን ቀትር ላይ አንዴ ተጨማሪ ማሞቅ ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ሌጂዮኔላውን በተመለከተ ማሽኑ በሳምንት አንዴ ራሱ ወደ 60 ከፍ ያደርገዋል።

የውጭውን ሳጥን በጓሮ በኩል ከእናታችን መስኮት ራቅ አድርገን አስቀመጥን። እንግሊዝ ውስጥ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ከጎረቤት ወሰን 1 ሜትር መራቅ አለበት ሚለው ህግ ስለተነሳ ጓሯቸው ጠባብ የሆነ ተያያዥ ቤቶች ቀሏቸዋል፣ የድምፅ ሂሳቡ ግን ወደ ጎረቤት መስኮት ተሰልቶ ማለፍ አለበት። ፕሮፔን ያለው ማሽን ደሞ ከመስኮት፣ ከበርና ከፍሳሽ ጉድጓድ ራቅ ማለት አለበት። እርጥብ ብርድ ሲሆን ሳጥኑ ላይ በረዶ ይይዝና ማሽኑ እሱን ለማቅለጥ አሰራሩን ሲገለብጥ ነጭ እንፋሎት ቦግ ይላል፣ ጭስ አደለም፣ ለጎረቤቶቻቸው ቀድመው ነገሯቸው።

ገንዘቡ ይሄው። ሁለተኛው ገጣሚ ማሽን፣ ሲሊንደር፣ አራት ትላልቅ ራዲያተሮች ጨምሮ 13,200 ፓውንድ አለ፣ ከመንግስት 7,500 ሲቀነስ 5,700። ገንዘቡን ባለቤቱ አይቀበልም አይሞላም፣ ኤምሲኤስ ሚባለው የገጣሚዎች የጥራት ሰርተፊኬት ያለው ገጣሚ ነው ከኦፍጄም (የጋዝና የመብራት ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት) ጠይቆ ከዋጋው ሚቀንሰው፣ ይሄ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው፣ ስኮትላንድ የራሷ አላት። ቫቱም እስከ መጋቢት 2027 መጨረሻ ዜሮ ነው። አዲስ ጋዝ ቦይለር 2,800 ገደማ ይባሉ ነበር፣ ልዩነቱ 2,900 ፓውንድ። በዓመት ሚተርፈው 130፣ የሂት ፓምፕ ታሪፍ (ሂት ፓምፕ ላላቸው ሚሰጥ ረከስ ያለ የመብራት ዋጋ) ሲያዝ ምናልባት 200 ነው፣ ስለዚ በቁጠባ ብቻ ልዩነቱን ለመመለስ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ይሄንን ለእህቴና ለባሏ በግልፅ ነገርኳቸው፣ ገንዘብ ለማትረፍ ብቻ ከሆነ ምታስገቡት አትቸኩሉ አልኳቸው።

የወሰኑት ሌላ ምክንያት ስለነበራቸው ነው። ከዛ ቤት ለመልቀቅ አላሰቡም፣ የእናታችን ክፍል በቀን በሌሊት እኩል እንዲሞቅ ይፈልጋሉ፣ ትንሹ ልጅ አስም አለበት፣ ቤቱ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ሻጋታው ይብሳል። ትልቋ ልጅ ደሞ የካርቦኑን ነገር አንስታ አልተወችም፣ ልክ ነበረች፣ ያ ጋዝ በዓመት 2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅ ነበር፣ እንግሊዝ የመጨረሻውን የድንጋይ ከሰል መብራት ማመንጫ መስከረም 2024 ስለዘጋች መብራቱ ከድሮው በጣም ንፁህ ሆኗል። እኔም በነዚህ ምክንያቶች ያውጣቸዋል ብዬ አምኜ አስገቡ አልኳቸው።

ጊዜውን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ነው የተናገርኩት። አብዛኛው ሰው ሚወስነው ቦይለሩ ታህሳስ ውስጥ ሲሞት ነው፣ ልጅ በርዶት ውሃ ቀዝቅዞ ማንም ሰው ሰርቬይ፣ የመስመር ማስተካከያና የግራንት ማመልከቻ አይጠብቅም፣ በማግስቱ ሚመጣውን ጋዝ ቦይለር አስገብቶ ለ15 ዓመት ይዘጋዋል። እነሱ በሚያዝያ የመስመሩን ጥያቄ አስገቡ፣ ሎፍቱን አስሞሉ፣ ፎቶ አንስተው ለገጣሚው ላኩ፣ ማሽኑ በመስከረም ገባ፣ ስራው ሳምንት አልሞላም።

ከገባ በኋላ ያስቸገረው ቴክኒኩ ሳይሆን ልማዱ ነው። እኛ ሀበሾች ሂተር ማብራት ገንዘብ ማቃጠል ነው ብለን ነው የኖርነው፣ ሲበርድ አንድ ሰዓት እናበራለን፣ ሙቀት ሲሰማን እናጠፋለን፣ ማንገባበትን ክፍል እንዘጋለን፣ ማታ ስንተኛ ጭራሽ። ለጋዝ ይሄ በመጠኑ ያስኬዳል። ሂት ፓምፕ ግን ቀስ ብሎ ሳይቋረጥ እንዲሰራ ነው የተሰራው፣ አጥፍታችሁት ቤቱ 15 ዲግሪ ከገባ በኋላ ቶሎ አሙቅ ስትሉት ውሃውን ከፍ አድርጎ መብራት ይጨርሳል፣ ብዙው የ"ቢሉ ሰማይ ነካ" ታሪክም ከዚህ ነው ሚመጣው ብዬ አምናለሁ። የእህቴ ባል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ እየተነሳ ያጠፋው ነበር። እናታችን ደሞ እጇን ራዲያተሩ ላይ አድርጋ "ኸረ ይሄ ነገር ሞቷል" ብላ ትደውልልኝ ነበር፣ ራዲያተሩ ለብ ብሎ ክፍሉ ግን 20 ነው። "እማዬ ራዲያተሩን ተይው፣ ቴርሞሜትሩን አንብቢልኝ" እላታለሁ፣ ታነብልኛለች፣ ትስቃለች። ማሽኑ የውጭውን አየር እያየ ውሃውን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ውጭ 10 ሲሆን 33፣ ከዜሮ በታች ሲገባ 46 አካባቢ። ገጣሚው ትቶት የሄደው ከዚህ 5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነበር፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ዲግሪ እያወረድን የእናታችን ክፍል 20 ላይ እስከሚቆምበት ድረስ አመጣነው፣ እያንዳንዷ ዲግሪ ከመብራቱ ወደ 2 በመቶ ትቀንሳለች።

የመጀመሪያው ዊንተር ሲያልቅ የማሽኑ መቁጠሪያ አማካይ 3.6 አሳየ። የጋዝ ሜትሩ ተነስቷል። የእናታችን ክፍል ጥግ ላይ የነበረው ሻጋታ ተጠርጎ ከተቀባ ወዲህ አልተመለሰም፣ ጋቢውን ግን አሁንም አልተወችም።

አንድ ጓደኛቸው ይሄን አይቶ ለራሱም ፈልጎ ነበር፣ አይሆንም አልኩት። እሱ ያለው በሊዝ የተያዘ ፍላት ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውጭ ግድግዳው የህንፃው ባለቤት ነው፣ ለሲሊንደር ሚሆን ቦታ የለውም፣ የዓመት ጋዙም ያን ያህል አደለም። ለሱ ባለው ቦይለር ላይ ውሃውን ወደ 55 አውርዶ የመስኮቶቹን ክፍተት ማሸግ ይሻለዋል፣ እሱንም ቅዳሜ ሄጄ አብረን እንሰራዋለን።